ለድኩላም ለጎሽም የሚበቃ ጠመንጃ

አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንተው ለአውሬ ሁሉ የሚሆን አንድ ጠመንጃ የሚፈልግ። ቁጭ በል፣ ሞላልኝ። የወንድሜ ልጅ ስለሆንክ ነው እንጂ የጠመንጃ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ አፌን አልከፍትም። «ለድኩላም ለጎሽም የሚበቃ፣ ጥይቱ ያልወፈረ ያልቀጠነ፣ አንድ መሣሪያ ይንገሩኝና ቅዳሜ ገበያ ልውረድ» አልከኝ። ስሙን ብነግርህ ተነሥተህ ልትሮጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ስማ።

ሰውየው አዳኝ ነበር። አገሩ ደጋው አልቆ ቆላው የሚጀምርበት፣ ወንዙ በቄጠማ ጥሻ መካከል የሚያልፍበት ነው። አባቱ ሲሞቱ ውጅግራ ተዉለት። ውጅግራ ማለት አረሩ አውራ ጣት የሚያህል፣ ሲተኩሱት ጭሱ ዓይን የሚጋርድ፣ ሰደፉ ትከሻ የሚደልቅ መሣሪያ ነው። አንዱን ተኩሰህ ሌላውን እስክታጎርስ አውሬው አገር አቋርጧል። ድኩላ ሲመቱበት ግማሹ ሥጋ ተበጣጥሶ ይበላሻል፤ ሚስቱ በዚህ ስታጉረመርም ነው የኖረችው። ጎሽ ሲመቱበት ግን ጎሹ ይወድቃል።

ሰውየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ድኩላ ነው። ድኩላው ማሽላውን ይበላል፤ ዛሬ ቢያባርሩት ነገ ይመለሳል። ጎሽ ግን በበጋ፣ ውኃ ሲጠፋ፣ ወደ ወንዙ ወርዶ ቢታይ ነው። ስለዚህ ሰውየው አሰበ፤ ማሰቡንስ በደንብ ነው ያሰበው። «ሁልጊዜ ለማገኘው የሚሆነውን ልያዝ፤ አልፎ አልፎ ለሚመጣው እግዜር ያውቃል» አለና ውጅግራውን ሰጥቶ በምትኩ ምንሽር ወሰደ። የምንሽር ጥይት ቀጭን ነው። አምስቱን ባንዴ ይጎርሳል፣ ጭስ የለው፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ትከሻም አይጎዳ። አብሮት የሚያድን ባልንጀራ ነበረው፤ እርሱ «የአባትህን ምን አሰጠህ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማህም?» ቢለው፣ «ሁለት ጠመንጃ የሚሸከም አህያ ነው» ብሎ ሳቀበት።

እውነት ለመናገር ምንሽሩ አላሳፈረውም። ድኩላውን ከማዶ ይጥልለታል፤ ቀዳዳዋ ትንሽ፣ ሥጋው ንጹሕ። ሚስቱም ማጉረምረሟን ተወች። ያየ ሰው ሁሉ «ይህስ ለሁሉም ይበቃል» አለ። ለሁሉም ይበቃል ያሉት ድኩላ ሲወድቅ አይተው ነው እንጂ ጎሽ ላይ ሲሞከር ያየ አልነበረም። እንዲህ ያለ ምስክር እኔ አልወድም። ገበያውም በእንዲህ ዓይነቱ የተሞላ ነው፤ ቅዳሜ ከበው ያስቸግሩሃል።

በዚያ አገር በበዓል ቀን ወንድ የሚቀመጠው በግዳዩ ነው። ጎሽ የገደሉት ከላይ፣ ከአደኑ ዳኛ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጠጁም ከእነርሱ ይጀመራል። ድኩላ የገደለ የትም ይቀመጣል፤ ድኩላ ግዳይ አይደለማ። ይህ ሰው ፀጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ እንኳ ከበሩ አጠገብ፣ ውሾቹ ከሚገቡበት ነበር የሚቀመጠው። የሚስቱ ወንድሞች «አማቻችን የፍየል ጠላት» እያሉ ይቀልዱበታል። አብሮ ይስቃል፤ ውስጡ ግን ይቃጠል ነበር። ጎሽ መግደል አማረው። እንዲያውም ከጎሹ ይልቅ መቀመጫው አማረው።

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ቀድሞ ያደማ ባለግዳይ ነው የሚል። ጎሹን ስንት ሰው ቢመታው፣ የመጨረሻው ጥይት የማንም ቢሆን፣ መጀመሪያ ደሙን ያፈሰሰው ጭራውን ይወስዳል፣ ፎክሮ ይገባል፣ ቅቤ ይቀባል። ጠብ ሲነሣ የአደኑ ዳኛ በወደቀው አውሬ ላይ ጎንበስ ብለው ቁስሉን በጣታቸው እየዳሰሱ የትኛው እንደቀደመ ይለያሉ። ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። እርሷም ባሏን ወባ ገድሎባት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ነበርና የምትጦራቸው እርሷ ነበረች።

አንድ በጋ ጎሹ ወረደ። ሰውየውና ባልንጀራው ከሰዓት በኋላ ከጥሻው ዳር አዩት፤ ብቻውን የሚሄድ፣ ያረጀ ወንድ ጎሽ። ሩቅ ነበረ፤ የሚያሳያቸውም ሽንጡንና ታፋውን እንጂ ልቡ ያለበትን ብብቱን አልነበረም።

«ተው» አለው ባልንጀራው። «ሩቅ ነው፤ አመቺም አይደለም። ውጅግራ ያላቸውን እንጥራና ከብበን እንያዘው።»

ሰውየው አሰበ። ቢጠሩ ብዙ ሰው ይመጣል፤ ብዙ ሰው ከመጣ ሌላው ቀድሞ ሊያደማ ነው። ከሩቅ ቀድሞ ለማድማት ደግሞ ከምንሽር የተሻለ መሣሪያ የለም። አየህ ሞላልኝ፣ ለመግደል ያነሰው መሣሪያ ለመቅደም በቂ ሆኖ ተገኘ። አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ።

ጎሹ ብርግግ አለ፤ አልወደቀም። ጭራውን አንዴ ወዝወዝ አደረገና ጥሻው ውስጥ ገባ። ሄደው ቢያዩ ደሙ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ነው። ቀጭን ጥይት ወፍራም ቆዳ ውስጥ ሲገባ ቆዳው መልሶ ይገጥምበታል፤ ደሙ ወደ ውስጥ ይቀራል። ዱካውን ተከትለው ተከትለው፣ ሴቶቹ ውኃ ከሚቀዱበት መልካ በላይ ካለው ቄጠማ ሲደርሱ ጠፋባቸው። የቆሰለ ጎሽ ያለበት ጥሻ ውስጥ አጎንብሶ የሚገባ ጤነኛ ሰው የለም። ፀሐይም አዘቀዘቀች።

«በል እንግዲህ» አለ ባልንጀራው፣ «ወደ መንደር ወጥተን እንናገር። ነገ ማለዳ ሴቶቹ እዚሁ ነው የሚወርዱት።»

«ብንናገር ሌሊቱን ሳይተኙ ችቦ ለኩሰው ይወርዱና ይጨርሱታል» አለ ሰውየው። «የእኔን ቀዳዳ በደም በተበላሸ ቆዳ ላይ ይቅርና በደህናውስ ማን ፈልጎ ያገኝልኛል? አንድ የውጅግራ አረር ሲያርፍበት የእኔ የት ይታያል? ዝም በል። እስከ ነገ ሞቶ ያድራል። እኔ ጎህ ሲቀድ ወርጄ አገኘዋለሁ።»

ባልንጀራው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደካማ ሰው ነበር እንጂ። ዝም አለ። ዝም ብለውም በዳኛው ደጅ አለፉ። ልጅቷ ከበር ቆማ «ደህና አመሻችሁ? ዛሬስ ምን ቀናችሁ?» አለቻቸው። «ምንም አልቀናን» አላት ሰውየው።

ይህችን ቃል ልብ በልልኝ። ብዙ ሰው ጥይቱን ይኮንናል። እኔ እስከዚህች ቃል ድረስ ሰውየውን ይቅር እለዋለሁ፤ ሩቅ መተኮስም፣ መሳትም፣ መጎምጀትም የሰው ነው። ከዚህች ቃል በኋላ ግን ይቅር ልለው ብሞክርም ልቤ እምቢ ይለኛል።

በማግስቱ ሰውየው እንዳለው ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ዝናሩን ታጥቆ ቁልቁል ሲወርድ ኡኡታ ሰማ። የዚያ አገር ሴት ሙቀቱን ሽሽት ከጎህ በፊት ነው ውኃ የምትወርድ። የዳኛው ልጅ እንስራ ከመልካው ዳር ተሰብሮ ነበር፤ እርሷም ከእንስራው እልፍ ብላ ወድቃ ነበር። ቁስሉ ሲመረቅዝበት ያደረ ጎሽ ያየውን አይምርም።

መንደሩ ተነቅሎ ወጣ። ውጅግራ ያላቸው ሦስት ሆነው ቀርበው ጎሹን ጣሉት። ልጅቷን በጋቢ ሸፈኗት። ሽማግሌው ዳኛ ተደግፈው ወረዱ። ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩዋት፣ መልሰው ሸፈኑ። ከዚያ ወደ ጎሹ ሄዱ። «አባታችን፣ ዛሬስ ግዳይ አይጠየቅ» ብለው ለመኗቸው። «የሌላ ሰው ልጅ ሲሞት ስጠይቅ ኖሬ በእኔ ጊዜ ልተወው?» አሉና አጎነበሱ።

ሦስቱን ትልልቅ ቁስሎች አለፏቸው። እጃቸው በሽንጡ ላይ ሲሄድ ሲሄድ ከአንድ ስፍራ ቆመ። ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቀዳዳ ናት፤ ዙሪያዋ ያበጠ፣ ደሟ የደረቀ፣ ዝንብ የከበባት። ያ ሰው ማንም አያገኝልኝም ብሎ የፈራላት ቀዳዳ ይህችው ናት። በመዳፍ ተገኘች።

«ይህ የዛሬ አይደለም» አሉ። «እንዲህ ቀጭን የሚተኩስ ማነው?»

በዚያ አገር ምንሽር ያለው እርሱ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን የጠራ ግን አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ባልንጀራው ፊቱን በኩታው ሸፍኖ አለቀሰ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰውየው።

«መቼ?»

«ትናንት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

«ለማን ተናገርክ?»

ሽማግሌው ቢላዋ አስመጡ። ጭራውን ራሳቸው ቆረጡና በእጁ አስያዙት። «ቀድሞ ያደማ ባለግዳይ ነው» አሉት። «ጎሹ ካደማኸው ጊዜ ጀምሮ ያንተ ነው፤ ያደረገውም ሁሉ ያንተ ነው። በል ግዳይህን ይዘህ ከልጄ ቃሬዛ ፊት ፊት ውጣ።»

ጭራውን ይዞ ዳገቱን ወጣ። የፎከረ የለም። እልል ሊሉለት ይገባቸው የነበሩ ሴቶች ሙሾ እያወረዱ ከኋላው ተከተሉት።

ዘመዶቿ ደም ሊመልሱ ተነሥተው ነበር፤ ሽማግሌው ከለከሉ። «ደሙ ተከፍሏል፤ ባለግዳይ አድርጌዋለሁ» አሉ። ሰዎቹ አልገባቸውም። የገባቸው በዓል ሲመጣ ነው። ሰውየው እንደ ወትሮው ከበሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል አሳላፊው እጁን ይዞ አነሣው። ጎሽ የገደለ ከላይ ነዋ የሚቀመጠው። ከላይ፣ ከዳኛው አጠገብ፣ ያን ያህል ዘመን በተመኘው መቀመጫ አስቀመጡት። ጠጁም ከእርሱ ተጀመረ። ሽማግሌው ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ የሚያጎርሳቸው የለም፤ ራሳቸው ይጎርሳሉ። ወደ እርሱ ዞር አላሉም፣ አልተቆጡምም። በሚቀጥለው በዓል ወደ በሩ እንዲያወርዱት ለመነ። «ሕግ ነው» አሉት። አገር ጥዬ ልሂድ ቢል ሚስቱ እምቢ አለች። እንዲህ ሆኖ አረጀ። ጠጁን እንዳይተወው ነውር ነው፤ እንዳይጠጣው አይወርድለትም።

እህስ፣ ሞላልኝ?

«ታዲያ ውጅግራ ልያዝ ነው የሚሉኝ?»

አየህ፣ አሁንም ስሙን ነው የምትፈልገው። እሺ፣ የጥይቱን ነገር ልንገርህ፤ ከባድ አይደለም። ለጎሽ የሚበቃ ጥይት ድኩላንም ይጥላል፤ ጥፋቱ ሥጋ ማበላሸት ነው፤ ያንንም ሚስትህ ታጉረመርምብህ። ለድኩላ የሚበቃው ግን ጎሽን ያቆስለዋል እንጂ አይጥለውም። አንድ ብቻ የምትይዝ ከሆነ ሚዛንህ ትልቁ አውሬ ይሁን። የጥይቱ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ። የዛሬ ሰው ግን ይህን ብቻ ሰምቶ ነው የሚሄድ።

አንተ ያንን ሰው ነው የምትመስለው፤ እውነቱን ልንገርህ። እርሱ ድኩላ ሲወድቅ ባዩ ሰዎች ምስክርነት ተማመነ፤ አንተም «ሁሉም ያመሰግነዋል» እያልክ ነው የመጣኸው። እርሱ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ አንገፈገፈው፤ ያንተንም ፊት በፋሲካ ዕለት ብርሌው አልፎህ ሲሄድ አይቼዋለሁ። እርሱ ጠመንጃውን ሲመርጥ የሚወድቀውን አውሬ ብቻ አሰበ። የማይወድቅ አለ፤ ምንም ብትይዝ አንድ ቀን የማይወድቅ ይገጥምሃል። መድፍ ብትገዛም ይገጥምሃል። ያን ዕለት ሰውን የሚያድነው የጥይት ውፍረት አይደለም። ደጅ ለደጅ ዞረህ «አቁስዬ አመለጠኝ፤ የእኔ ጥፋት ነው፤ ልጆቻችሁን ያዙ» ማለት ነው የሚያድነው። ሰው ይስቅብህ ይሆናል፤ ሌላው ይጨርሰውና መቀመጫውን ይወስድብህ ይሆናል። ይውሰድ።

እንግዲህ እኔም ልጠይቅህ። ጎሹ ቆስሎ ቢያመልጥህ፣ ሳይመሽ የማን ደጅ ቆመህ ትጣራለህ? የባለደጁን ስም ንገረኝና የጠመንጃውን ስም እነግርሃለሁ። መልስ ከሌለህ ግን ቅዳሜ ወርደህ የፈለግኸውን ግዛ፤ እኔ ከእሑድ ጀምሮ ልጄን ውኃ አልሰድም።