እጇ ጆሮዋን ያለፈ ልጅ

«ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም» አለች ንጋቷ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሠርታለች። አዲሱ መምህር ኢድሪስ የጠየቃት ግን ቀላል ነገር ነበር፦ «እትዬ፣ መመሪያው ስደተኛ ልጅ ከአገሬው ልጅ እኩል ይማር ይላል። ታዲያ ስደተኞቹን ከትምህርት የሚያስቀራቸው ማን ነው?»

«አንዲት መዝጋቢ ነበረች» ብላ ጀመረች።

መዝጋቢዋ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣን ልጅ የውጤት ካርድ ትጠይቃለች። ዕድሜው ያልታወቀውን አዲስ ገቢ ደግሞ በጆሮው ትለካዋለች፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ለአንደኛ ክፍል ደርሷል። እሷም በልጅነቷ የገባችው እንዲሁ ተለክታ ነው።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ከድንበር ማዶ የመጣች ረጅም ልጅ ከእናቷ ጋር ቀረበች። አራተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ካርዷ ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። መዝጋቢዋ የምታደርገው ቢጠፋት «እስቲ ጆሮሽን ንኪ» አለቻት። የልጅቱ እጅ ጆሮዋን አልፎ አገጯ ሥር ደረሰ። የተሰለፉት ልጆች ሳቁ።

«የአንደኛ ክፍልን ዕድሜ አልፈሻል፤ ለአምስተኛ ደግሞ ካርድ የለሽም» አለቻት መዝጋቢዋ። « ለከርሞ ይታያል።»

ልጅቱ እጇን ሳታወርድ ጠየቀች፦ «ታዲያ እጄ የት ድረስ ቢደርስ ነው የምማረው?»

እናቷ «ነይ፣ ይበቃል» ብላ ይዛት ሄደች።

ጥያቄው ግን መዝጋቢዋን አልለቀቃትም። ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩን ዘግታ የራሷን ጆሮ ነካች። እጇ ስንት ክፍል እንደተማረች አልነገራትም። መሳቢያዋን ከፍታ ከክረምት ጀምሮ የተኛውን መመሪያ አወጣች። «ማስረጃ የሌለው ስደተኛ ተማሪ ተፈትኖ በደረጃው ይመደብ» ይላል። ግርጌው ላይ «ደርሶኛል» ብላ የፈረመችው ራሷ ናት።

ንጋቷ ወደ ኢድሪስ ዞረች። «አየህ ልጄ፣ ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። የለመደችው መለኪያ ሕግ መሰላት። መመሪያም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ቢጻፍም ልጁ ዘንድ የሚደርሰው በእኛ በኩል ነው። እኛ መሳቢያ ውስጥ ከተውነው እዚያው ይቀራል።»

ኢድሪስ «እትዬ፣ መዝጋቢዋ እርስዎ ነዎት?» አላት።

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ከለል አድርጋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ልጅቱስ?»

«በማግስቱ ጠዋት የፈተና ወረቀት ይዤ ወደ ስደተኞች መጠለያው ሄድኩ። ድንኳናቸው በራፍ ላይ ፈተንኳት፤ አለፈች። ስሟን አምስተኛ ክፍል አስገባሁት። ቀኑን ግን ምዝገባው የተዘጋበትን የትናንቱን ጻፍኩ።»