የምትተርፈው አንዲት ገጽ

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ ገና በሚያፏጭበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሸዋንግዛው የሚባል ቲኬት ቆራጭ ነበር። መንገደኛው በሐዲድ ላይ ሲያልፍ እያየ፣ እሱ የሚያስበው ከሐዲዱ በፊት በእግራቸው ስላለፉት ነበር። አገር ያቋረጡ የጥንት መንገደኞች የጻፏቸውን መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰበሰበ። ከሁሉም አጥብቆ የፈለገው አንዱን ነው፤ አንድ መንገደኛ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ሸዋ እንዴት እንደገባ የሚተርከውን፣ ሌላ ቅጂ ያልተገኘለትን። ጅቡቲ ውስጥ የአንዲት መበለት የውሃ ጋን መክደኛ ሆኖ ሲያገለግል አገኘው። በዚያው ሳምንት እናቱ አረፈች። መርዶው ደርሶት ነበር፤ መጽሐፉ እንዳያመልጠው ብሎ ከቀብሯ ቀረ።

ካረጀ በኋላ፣ በአንድ የክረምት ከሰዓት፣ ደረቁ ወንዝ ሳይታሰብ ሞልቶ ቤቱን ጠርጎ ወሰደው። ሸዋንግዛው ዳር ቆሞ የመጻሕፍቱ ሳጥን ሲወሰድ እያየ ሲጮኽ፣ ሁመድ የሚባል አፋር ግመል ነጂ ሰው የተወሰደ መሰለው። የግመሉን ገመድ ለቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ሳጥኑን አወጣ፤ ግመሉን ወንዙ በላው። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ያ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ሸዋንግዛው ሊያጽናናው ብሎ፣ በመጽሐፉ ስለተጻፈ ያዮ ስለሚባል አፋር መንገድ መሪ አወራለት፤ የመጨረሻዋን ውሃ ለሌሎች ሰጥቶ በጥም እንደሞተ። ሁመድ ስሙን አወቀው። ያዮ ቅድመ አያቱ ነው። በጎሳው ዘንድ ግን የሚታወቀው ውሃ ሰርቆ እንደጠፋ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የያዮ ዘር ጉድጓድ ላይ ሲደርስ የሚቀዳው ከሰው ሁሉ ኋላ ነው።

መጽሐፉን ለሐረሩ መጽሐፍ ጠራዥ ለአው ዚያድ ሰጧቸው። አው ዚያድ ክፍላቸውን ዘግተው ከሻጋታው ጋር አርባ ቀን ታገሉ። ሐኪም ይውጡ ቢላቸው አልወጡም። ደም መትፋት ሲጀምሩ ሁለቱን አስጠሩ። ወረቀቱ ተጣብቆ እየበሰበሰ ነው አሏቸው። የተመረጠችውን አንዲት ገጽ ሊያላቅቁ ይችላሉ፤ እሷ ስትወጣ የቀረው ይፈርሳል። እስከ ነገ ካደረ ደግሞ እሷም የለችም።

ሸዋንግዛው የመንገደኛው ካርታ ያለባትን ገጽ ፈለገ። ያን የግመል መንገድ የሚያሳይ ሌላ ካርታ የለም፤ ሸዋንግዛውም በካርታው ላይ ያሉትን የውሃ ጉድጓዶች ስም ከረሳ ቆይቷል። «ዕድሜዬን የጨረስኩት ለእሷ ነው» አለ።

ሁመድ ስለ ያዮ ሞት የተጻፈባትን ጠየቀ። «ሽማግሌዎቻችን ፊት የሚነበብ ወረቀት ካልያዝኩ ማን ያምነኛል?»

አው ዚያድ የመጽሐፉና የጸሐፊው ስም ያለባትን የመጀመሪያዋን ገጽ አሉ። «ስም የሌለው ወረቀት ምስክር አይሆንም። የካርታውንም የያዮንም ነገር በቃል ስታወሩ፣ ማን ጻፈው ስትባሉ ምን ልትሉ ነው?»

ሸዋንግዛው የትኛዋም ብትተርፍ መጽሐፉ እንደሞተ ገብቶታል። ሁመድን አየው፤ አው ዚያድን አያቸው። «ይሁን» ሊል ነበር፤ ካርታውን መተው ግን አልሆነለትም። ሁመድም አልተወም። አው ዚያድ ስስ ቢላዋቸውን አነሡ።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ፈልጎ ካገኘው፣ ከውሃ ካወጣውና ከብስባሽ ካቆየው፣ ገጿን መምረጥ የሚገባው ማን ነው?