የተሳቀለት እርግጫ

አንድ ጊዜ፣ አህያና ጅብ ገና ሰላምታ በሚለዋወጡበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ከአንድ ልጇ ጋር ከወንዝ ማዶ ትኖር ነበር። ቀኑን ጨው ስትሸከም ትውላለች፤ አመሻሽ ላይ ጀርባዋ ተገጥቦ ትመለሳለች። ውርንጭላዋ ጡት አልጣለም፣ ጥርሱም ገና አልሞላም፤ እግሩ ግን ከአእምሮው ቀድሞ አድጓል።

አንድ ምሽት ጡት ዘገየበትና ዞሮ ጉልበቷን ረገጣት። ደጅ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች በሳቅ ፈረሱ። መቼም በዚያ መንደር ልጅ ሲማታ ማየት እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። እመት ቀበሮማ ከሁሉም አስበልጣ አጨበጨበች።

«ድገማት እስቲ፣ የኔ ጀግና» አለችው።

ደገማት። እናቲቱም እያመማት አብራ ሳቀች፤ ሰው ፊት ልጇን ተቆጣች እንዳትባል።

የፈጃት ይኸው ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ውርንጭላው ሲርበው ይራገጣል፣ ሲጠግብ ይራገጣል፣ ጎረቤት ብቅ ሲል ደግሞ እንዲሳቅለት ይራገጣል። አንድ ቀን ትዕግስቷ አለቀና መልሳ ረገጠችው። አለቀሰ፤ በማግስቱ ግን ከእሷ ያየውን አሻሽሎ በሁለት እግሩ መጣባት። ጉልበቷ አበጠ፤ ማነከስ ጀመረች።

ቀበሮ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። አያ ጅቦ ዘንድ ሄዳ፣ አንተ አትድከም፣ አህያዋን የገዛ ልጇ ይሰብርልሃል፤ ስትወድቅ ሥጋው ላንተ፣ አንጀቱ ለእኔ ብላ ተዋዋለች። ጅቦ በደስታ ሆዱን አሻሸ። ትዕግስት የሚባል ነገር ስላልፈጠረበት ግን በየምሽቱ ቁጥቋጦ ሥር እየተጋደመ የጉልበቷን እብጠት ያይ ጀመር።

አህያዋ ጠረኑን አወቀችው። ካነከሰች አትሮጥም፤ ካልሮጠች ልጇ ያለ እናት ይቀራል። ልትቆጣ አሰበች፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም አልነበራትም። ልታለቅስ አሰበች፤ ለእሱም ታከታት። እናም ልጁ እግሩን ሲያነሳ ዝም ብላ ተጠጋችውና አንገቷን ጀርባው ላይ ጣለችበት። እግሩ የሚወረወርበት ቦታ አጣ።

«እናት አትረገጥም። ያማል» አለችው ቀስ ብላ።

«ራበኝ» አለ እየተነፋረቀ።

«ታዲያ እንዲህ አትልም? አፍ ተሰጥቶህ የለ።»

ጡቷን ሰጠችው። ለመሳቅ የተሰበሰቡትንም፣ መሳቅ ያማረው ቤቱ ሄዶ በራሱ ልጅ ይሳቅ ብላ በተነቻቸው። በማግስቱ ረገጣት፤ አንገቷን ጣለችበት፣ ያንኑ ቃል ተናገረች። በሦስተኛውም ያንኑ። አፏ እስኪዝል፣ እንቅልፍ እያዳፋት፣ ያንኑ። ተአምር አልወረደም። አንዳንድ ምሽት ብቻ ከእግሩ በፊት «ራበኝ» የሚለው ይቀድም ጀመር። እብጠቱም ቀስ በቀስ ጎደለ።

እብጠቱ ሲጎድል የጅቦ ሆድ አላስችል አለው። ከቁጥቋጦው ወጥቶ ውርንጭላውን ያባብል ጀመር።

«ርገጣት እንጂ፣ የኔ አንበሳ። ያችን ጉልበቷን። እኔ እስቅልሃለሁ።»

ውርንጭላው እግሩን አነሳ። እናቱን አየ። እሷም አየችው፤ ያንን ቃል ለመድገም እንኳ ደክሟት ነበር። እግሩን መልሶ መሬት አኖረው።

«ያማታል» አለ።

ጅቦ ወደ ጫካው ዞሮ ቀበሮን ተጣራ። «ልጇ ይሰብርልሃል ብለሽ አይደል ይሄን ሁሉ ቀን ጦሜን ያሳደርሽኝ?»

ቀበሮ ስሟ ሲነሳ ወንዙን ተሻግራለች። አህያዋም ሁሉም ነገር ገባት። ለጅቦ ጀርባዋን ሰጠችው፣ የዳነውን እግሯን ሰበሰበች፣ መንጋጋውን አለችው። ጅቦ እያነባ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ውርንጭላው ፈዞ ቀረ። «እማ፣ አይረገጥም አላልሽኝም?»

«እናት ነው ያልኩህ፣ ልጄ። ስለ ጅብ መች አነሳሁ። በል፣ አሁን እንተኛ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ትንሽ ልጅ እናቱን ሲመታ የሚስቅለትም መልሶ የሚመታውም ያንኑ ዱላ እንደሚያስተምሩት፣ ይዞ አስቁሞ «ያማል» ማለት ግን ቢያደክምም ነገም፣ ከነገ ወዲያም ሊደገም የሚገባው ሥራ መሆኑን ነው።