ለፈቺው የታሰረ ጭነት

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ትልልቆችም ጠጋ በሉ። እንስሳት ይነግዱ፣ ገመድም አፍ አውጥቶ ይናገር ከነበረበት ዘመን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ያሉ ወፎች የደጋውን ኑግ አጥብቀው ይወዱ ነበር። ኑጉን ከደጋ እስከ ቁልቁለቱ ግርጌ አህዮች ያወርዱታል፤ እዚያ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ግመሎች ተቀብለው እስከ ባሕር ያደርሱታል። ይህን ሁሉ የሚያገናኙት ዕቃ አስተላላፊዎቹ ሽመላዎች ናቸው። ሽመላዎቹ ራሳቸው አንዲት ፍሬ አይሸከሙም። የማን ጭነት፣ በማን ጀርባ፣ በየትኛው መርከብ እንደሚሄድ ግን ያውቃሉ። እነሱ የተዉት መንገድ ሣር ይበቅልበታል።

ከቁልቁለቱ አናት ላይ የጭነት ማሠልጠኛ ነበረ። ሲከፈት ጋሽ አህያ አሠልጣኝ ልሁን ብሎ አመልክቶ ነበር። ሃያ ዓመት ያንን ቁልቁለት ወጥቶ ወርዶታል። መራጮቹ ዝንጀሮዎች ግን ጀርባህን እናውቀዋለን፣ ጭንቅላትህን አናውቀውም ብለው መለሱት፤ ወንበሩንም ለእኅታቸው ልጅ ለአያ ዝንጀሮ ሰጡት። አያ ዝንጀሮ በዕድሜው አንድ ጆንያ ተሸክሞ አያውቅም። ጋሽ አህያ ይህን አልረሳም። ሣር ሲግጥ ያኝከዋል፣ ውኃ ሲጠጣ ያየዋል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ።

አያ ዝንጀሮ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነበር፤ አጥብቆ ማሰር። ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ተወሽቆ። ማንም ሊፈታው ያልቻለውን ቋጠሮ ያሰረ ሠልጣኝ አንደኛ ይወጣና የምስክር ቅጠል ይሰጠዋል። በሰባተኛው ዓመት አንደኛ የወጣችው በቅሎ ነበረች።

ከዕለታት አንድ ቀን የሽመላዎቹ አለቃ እመት ሽመላ መጣች። ሦስት ጭነት እንደምትሞክራቸው ነገረቻቸው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ከግመል ጀርባ ላይ ካልተጫነ፣ ሽመላዎች በሌላ አገር በኩል ይሄዳሉ፤ ማሠልጠኛውም ይዘጋል፤ ሠልጣኙም ወደየመንደሩ ይበተናል።

የመጀመሪያውን ጭነት ሠልጣኞቹ አሰሩት፣ ጋሽ አህያ አወረደው። እመት ግመል ጭነቱን ከአህያው ፈትታ ለመቀበል ተንበርክካ ቋጠሮውን በጥርሷ ታገለችው። ታገለችው፣ ታገለችው፤ ፀሐይ አለፈች፤ መርከቡም ሄደ። ጋሽ አህያ ቆሞ አየ። ዝም አለ።

ሁለተኛውን ጭነት አሰሩት፣ አወረደው። እመት ግመል ትዕግሥቷ አለቀና ገመዱን ስትበጥስ ጆንያውም አብሮ ተቀደደ። ኑጉ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ከየቁጥቋጦው የወጡ ጅግራዎች እስኪጠግቡ በልተው ሥልጠናውን አመሰገኑ። ጋሽ አህያ ሳቀ፤ አሁንም ዝም አለ።

ሦስተኛው ብቻ ሲቀር እመት ሽመላ ማሠልጠኛው ድረስ ወጣች። አያ ዝንጀሮ አስተሳሰራችን እንከን የለውም፣ መፍታት ያቃታት ግመል ናት ብሎ ብዙ ተናገረ። በዚህ ጊዜ ግማሽ ጎኑ የታኘከው ገመድ ከመሬት ቀና አለ።

«እመቤቴ፣ እነዚህ አስረውኝ ፊታቸውን ያዞራሉ» አለ። «ስፈታ አይቶኝ የሚያውቅ እዚህ አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ዞረው ጋሽ አህያን አዩት።

«ጥፋቱን ታውቀው ኖሯል?» አለችው እመት ሽመላ።

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ጭንቅላትህን አናውቀውም ተብዬ ነበራ።»

እመት ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማ አሰበች። «በደሉ እውነት ይሆናል። እኔ ግን ቂም አላጓጉዝም፤ የማጓጉዘው ኑግ ነው። ታደርስልኛለህ፣ አታደርስልኝም?»

ጋሽ አህያ ማሠልጠኛው ይውደቅ ሊል አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ በቅሎን አያት። የምስክር ቅጠሏን በከንፈሯ ይዛ፣ ልብላው ወይስ ይዤው ወደ አገሬ ልግባ እያለች ታመነታለች። እሷ ምን አጠፋች? ያስተማሯትን ተማረች።

«ሦስት ቀን ስጡኝ» አለ።

በመጀመሪያው ቀን ሠልጣኞቹን አንዱ የሌላውን ቋጠሮ ሲፈታ አዋላቸው። ላባቸው ጠብ አለ። በቅሎ ማሰር ልንማር መጥተን እንዴት ይህን እርኩስ ቋጠሮ ስንፈታ እንውላለን ብላ ብታጉረመርም፣ ጋሽ አህያ እንኳን ቋጠሮውን ሰደብሽው አላት። በሁለተኛው ቀን ሁሉንም ወደ ግራሩ አወረዳቸው። ግመል ስትንበረከክ አንገቷ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ከንፈሯ እስከ የት እንደሚደርስ ቁጭ ብለው አዩ። እመት ግመል በሕይወቴ የጠየቀኝ የለም ብላ እስኪመሽ አስረዳቻቸው። በሦስተኛው ቀን ብቻ አሰሩ፤ ጫፉ በግራ በኩል፣ ወደ ውጭ።

ሦስተኛውን ጭነት በቅሎ አሰረችው። አያ ዝንጀሮ መንገድ ላይ ይፈታል ብሎ ተወራረደ። ክፉው መታጠፊያ ላይ ጋሽ አህያ ተደናቀፈ፤ ጆንያው ወደ ጎን ሸርተት አለ። ቋጠሮው ግን ያዘ። ግራሩ ሥር እመት ግመል ተንበርክካ ጫፉን በከንፈሯ ያዘችና አንዴ ሳብ አደረገችው። ጭነቱ ወረደ፣ ታሰረ፣ ተነሣ። ፀሐይ ገና ከጎን ነበረች።

እመት ሽመላ ሽቅብ አየች፤ ግመሏን አየች። «ነገ አርባ ጭነት አምጡ» አለች።

መራጮቹ ዝንጀሮዎች ምስጋናውን ሁሉ ለእኅታቸው ልጅ አደረጉት። ጋሽ አህያ ይህንንም ከሣሩ ጋር አኘከው። በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ማሠልጠኛው ሲደርስ ሠልጣኞቹ ተሰልፈው ሲጠብቁት አገኘ፤ አያ ዝንጀሮም አንገቱን ደፍቶ ዳር ቆሟል።

«ጋሼ፣ እኔም መፍታቱን አሳየኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሽ አህያ ሰባት ዓመት ያኘከው ነገር ምላሱ ላይ መጣ። ብዙ ሊል ይችል ነበር። ከዚያ ይልቅ አያ ዝንጀሮ ራሱ ካሰራቸው ጆንያዎች አንዱን በአፍንጫው ገፋለት።

«ተሰለፍ» አለው፤ «ከበቅሎ ኋላ።»

አያ ዝንጀሮም ተሰለፈ። ጋሽ አህያ ያን ቀን የጋጠው ሣር ጣፈጠው።

እንግዲህ ጭነት የምታስሩ ሁሉ፣ ከማሰራችሁ በፊት የሚፈታውን ሄዳችሁ እዩት። ሰውን የምትመርጡም፣ ጀርባውን ስታዩ ጭንቅላቱን ጠይቁት። እኔ ተረቴን እዚህ አራግፌያለሁ፤ የቀረውን እናንተ ተሸከሙት።