ወንዙ እስኪጎድል የተጫወቱት ጨዋታ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ የያፌትን ጥያቄ ከሰሙ በኋላ።

ያፌት በየቅዳሜው አራት ጓደኞቹን ቤቱ ሰብስቦ አንድ ጨዋታ ያጫውታል። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ እነሱ በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ጥያቄውም ይህ ነበር፦ «ጋሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ትተው ወዳላሰብኩት ይሄዱብኛል። እንዴት አድርጌ ልመልሳቸው?»

ጋሽ መርዕድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴአትር ያስተማሩ ናቸው። እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ያ ሰው መንገድ መሪ ነበር። አንድ ክረምት ሦስት መንገደኞች ይዞ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ሲደርስ ሙላት አገታቸው። አንዱ ሀብታም የቆዳ ነጋዴ፣ አንዷ ሸክላ ሠሪ፣ አንዱ ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ነበሩ። ወታደሩ እናቱ ከወንዙ ማዶ እንደታመመች ሰምቷል። ከዳር ባለች ዳስ ተጠለሉ። ዝናቡ አላባራም። ነጋዴው ቆዳዬ ሸተተ እያለ ያማርራል፤ ወታደሩ እየወጣ ውሃውን ያያል።

«ካልጎደለ እገባበታለሁ» አለ ወታደሩ።

መሪው ያንን ወንዝ ያውቀዋል። በሙላቱ ገብቶ የወጣ ሰው አላየም። ስለዚህ ልባቸውን የሚይዝ ጨዋታ ፈጠረ። «እኔ አገሩን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ የምታደርጉትን ንገሩኝ። ከተጠራጠርን ዛጎል እንወረውራለን። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ተሳካ፤ ጀርባው ከሆነ አልተሳካም» አላቸው። ነጋዴው ሌባ ልሁን አለ፤ ሸክላ ሠሪዋ እመቤት፤ ወታደሩ መነኩሴ።

መሪው ታሪኩን አስቀድሞ በልቡ ጨርሶታል። ተራራ ላይ የፈረሰ ቤተ መንግሥት አለ፤ ውስጡ ዘንዶ ተኝቷል፤ ወጥተው ይገድሉትና ዘውዱን ይወስዳሉ።

«ከተራራው ሥር ወንዝ አለ። አንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ ዳር ተቀምጧል። እሱን አልፋችሁ ትወጣላችሁ» ብሎ ጀመረ።

«እኔ አላልፈውም» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «ለምን ብቻውን እንደተቀመጠ እጠይቀዋለሁ።»

«ጆሮው አይሰማም።»

«እኔ ታንኳውን እሰርቃለሁ» አለ ነጋዴው።

«ተሰንጥቋል።»

«እንግዲያው ተራራውን በጀርባው በኩል እዞረዋለሁ።»

«ገደል ነው።»

ወታደሩ ብድግ አለ። «ሁሉን አንተ የምትወስን ከሆነ እኛን ለምን ትጠይቀናለህ?» አለና ወጥቶ በቅሎውን ፈታ። የበቅሎዋን ፊት ወደ ወንዙ አዞረ።

መሪው በጉልበት ሊይዘው አይችልም፤ ቢለምነውም አይሰማውም። ከዳሱ በር ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ተሳስቻለሁ! ሽማግሌው ይሰማል። አሁን ቀና ብሎ አያችሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሱም አያውቀውም ነበር። ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞረ። «እመቤቴ፣ ምን ይሉታል?»

ሴትዮዋ እንዲህ ተብላ ተጠርታ አታውቅም። ወገቧን አቀናች። «አባቴ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

መሪው በሽማግሌው ድምፅ መለሰ። «ልጄን። ማዶ ነው። ሙላቱ ከለከለው።»

ወታደሩ ልጓሙን እንደያዘ ቆመ። «መነኩሴው በታንኳ ተሻግሮ ያምጣለት» አለ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

ዛጎሉ ተወረወረ። ጀርባው ወጣ። መሪው አልራራለትም። «ውሃው ታንኳውን ገለበጠው። የመነኩሴው ራስ ብቻ ይታያል። ሽማግሌው ‹ኧረ በልጄ ምክንያት የሰው ልጅ አለቀ!› እያለ ይጮኻል።»

«ነጠላዬን እወረውርለታለሁ!» አለች ሸክላ ሠሪዋ።

«እኔ እሷን ከኋላ እይዛታለሁ!» አለ ነጋዴው፤ ቆዳውን ረስቶታል።

ዛጎሉ አፉን ሰጠ። ጎትተው አወጡት።

ወታደሩ በቅሎውን አሰረና ገብቶ ተቀመጠ። «ሽማግሌውን ጠይቁልኝ እስቲ» አለ፤ «ልጁ ቢዘገይ ይቀየመዋል?»

«አንተው ጠይቀው» አለው መሪው።

ጠየቀው። መነኩሴውና ሽማግሌው ብዙ ተነጋገሩ፤ ሌሎቹ አዳመጡ። ዘንዶውን ማንም አላስታወሰውም። ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ተጫወቱ፤ ሲጎድልም ሁሉም በእግራቸው ተሻገሩ። ወታደሩ እናቱን ከሕመሟ አገግማ አገኛት። እንዲያውም ለምን ዘገየህ ብላ ተቆጣችው።

ጋሽ መርዕድ ወደ ያፌት ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ መንገድ መሪ ነህ። እንዴት ልመልሳቸው አልከኝ፤ አትመልሳቸው። ጓደኞችህ መንገድህን ትተው አንድ ሰው ዘንድ ሲቆሙ፣ ልባቸው ያለበትን እያሳዩህ ነው። አንተ አገሩን እወቅ፤ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማን ምን እንደሚፈራ እወቅ። ዕጣው ሲከፋባቸውም አታባብላቸው፤ አለዚያ ሲድኑ ደስ አይላቸውም። የሚሄዱበትን ግን ለእነሱ ተውላቸው።»

«የምለው ቢጠፋኝስ ጋሼ?»

«ይጠፋሃል እንጂ! ያን ጊዜ ከእነሱ አንዱን ጠይቅ። አራት ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ለምን ብቻህን ታስባለህ? በል፣ ቅዳሜ ስትቀመጡ ‹ምን ታደርጋላችሁ?› በላቸው። ከዚያ እስኪመልሱልህ ዝም በል።»