ለስንዱ ገንፎ አንድ ማንኪያ ቅቤ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ሥራ ያለው መንገዱን ይቀጥል። የማወራው ስለ አንድ ማንኪያ ቅቤ ነው።

ስንዱ ወለደች። እናቷ ወይዘሮ ጥሩአየር የገብስ ገንፎ አገነፉላት፤ መሃሉን እንደ ደንቡ ጎድጎድ አደረጉት። ጎድጓዳው ግን ባዶ ነው። ስንዱ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ያለ ቅቤ አይወርድልኝም፣ እማዬ።» ከወለደች እህል አልቀመሰችም፤ ጡቷ ጠብ አላለም፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። ወይዘሮ ጥሩአየር ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ቅቤ ነጋዴው ደርበው ሱቁ በር ላይ ተቀምጧል።

«ቅቤ የለም፣ እትዬ።»

«ኧረ ልጄ፣ ሽታው ከመንገድ ተቀበለኝ እኮ!»

«ሽታውማ አለ። መንግሥት ዋጋ ተምኖ ለጠፈ፤ እኔ የገዛሁት ከዚያ በላይ ነው። ልዩነቱን በድጎማ እንሸፍናለን ተብሏል። ድጎማው ሲመጣ ቅቤውም ይመጣል።»

እንግዲህ ደርበው ቅቤ አይሸጥም፣ ስንዱ ገንፎ አትበላም። ወይዘሮ ጥሩአየር ወደ ድጎማው ኃላፊ ሄዱ።

ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣቸው። «ድጎማው አለ፣ እማማ፤ ካዝና ውስጥ ተኝቷል። የዋጋ ኮሚቴው ካልፈረመ ግን ንክች አላደርገውም።»

እንግዲህ ኃላፊው ድጎማ አይለቅም፣ ደርበው ቅቤ አይሸጥም፣ ስንዱ ገንፎ አትበላም። ወይዘሮ ጥሩአየር ወደ ኮሚቴው ሄዱ።

አዳራሹ ውስጥ ስድስት ሰዎችና ሰባት ወንበሮች አሉ። «የገበሬዎቹ ተወካይ ቸኮል ቀርቷል» አሉ ሰብሳቢው። «ሰባት ካልሞላን ስብሰባ አይባልም።»

«ይኸው ተሰብስባችሁ የለም እንዴ?»

«ተቀምጠናል እንጂ አልተሰበሰብንም።»

እንግዲህ ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ ኃላፊው ድጎማ አይለቅም፣ ደርበው ቅቤ አይሸጥም፣ ስንዱ ገንፎ አትበላም። ወይዘሮ ጥሩአየር ከተማው ዳር ወዳለው ወደ ቸኮል ቤት ወረዱ።

ቸኮል ባዶ የወተት ዕቃ ታቅፎ ከላሙ ሥር ቁጢጥ ብሏል። «ሳላልብ የት እሄዳለሁ፣ እናቴ? ጡቷ ተወጥሯል። ጥጃዋን ካላየች ደግሞ ጠብ አታደርግልኝም።»

«ጥጃዋስ የት አለ?»

«ታስሯል።»

ወይዘሮ ጥሩአየር ላሚቱን አዩና ግንባሯን ዳበስ አደረጉ። ያቺም እናት ናት። እንግዲህ ላሚቱ ወተት አትሰጥም፣ ቸኮል ከቤት አይወጣም፣ ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ ኃላፊው ድጎማ አይለቅም፣ ደርበው ቅቤ አይሸጥም፣ ስንዱ ገንፎ አትበላም።

ጥጃው የታሰረው እዚያው ኮሚቴው ከተቀመጠበት አዳራሽ መስኮት ሥር ነው። ወይዘሮ ጥሩአየር ተመልሰው ሲደርሱ አጠገቡ ዘበኛ ቆሟል።

«ምን አጠፋ?»

«የቅቤውን ዋጋ በላ።»

የዋጋው ማስታወቂያ በዱቄት ማጣበቂያ የተለጠፈ ነበር፤ ጥጃው ላሰው፣ ጣፈጠው፣ ዋጠው። «ወረቀቱን ጠብቅ ተብያለሁ» አለ ዘበኛው። «ወረቀቱ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥጃውን እጠብቃለሁ። ፈርሞ የሚረከበኝ እስኪመጣ አይፈታም።»

«ባለቤቱስ አይፈርምም?»

«እሱማ ተከሳሽ ነው።»

«ሌላ ሰው ጠይቆህ ያውቃል?»

«እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

ወይዘሮ ጥሩአየር በአንድ ትንፋሽ ነገሩት፦ ጥጃው አይፈታም፣ ላሚቱ ወተት አትሰጥም፣ ቸኮል ከቤት አይወጣም፣ ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ ኃላፊው ድጎማ አይለቅም፣ ደርበው ቅቤ አይሸጥም፣ ስንዱ ገንፎ አትበላም! ከዚያም ነደዳቸው።

«ወዲህ በል እስክሪብቶውን!»

«አንድ የቅቤ ዋጋ ከነጥጃው ተረክቤያለሁ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ዘበኛው ፊርማውን አገላብጦ አየ፤ ጉድለት አላገኘበትም።

ጥጃው ተፈታ፣ ላሚቱ ወተት ሰጠች፣ ቸኮል ከቤት ወጣ፣ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ኃላፊው ድጎማ ለቀቀ፣ ደርበው ከጆንያ ጀርባ ቅቤ አወጣ። «አሁን ገባ» አለ።

ወይዘሮ ጥሩአየር ገንፎውን እንደ አዲስ አገነፉ፤ ቅቤውን አቅልጠው ጎድጓዳውን ሞሉት። ስንዱ ከግድግዳው ዞረች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ወደ እናቷ ዘረጋች። «አንቺ ቅመሺ፣ እማዬ። እህል ባፍሽ ሳይዞር ዋልሽ።»

ወይዘሮ ጥሩአየር ጎረሱ፤ ዕንባቸው መጣ። «ትኩስ ሆኖብኝ ነው» አሉ።

ስንዱ በላች፤ ጡቷ ሞላ፤ ሕፃኑ ጠባና ዝም አለ። እኔም ዝም ልበል።