ወንዝ ማዶ የቆመው ተማሪ

አንድ ወጌሻ ነበረ። ልጄ፣ ሆስፒታል መግባት ያልቻሉ የሕክምና ተማሪዎችን በስክሪን እንዴት አድርጌ ላስተምር ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ የማውቀው ይህን ሰው ነው።

ወጌሻው ከወንዝ ማዶ እየተሻገረ የሚማር አንድ ጎልማሳ ተማሪ ነበረው። በዚያ ማዶ ሌላ ወጌሻ የለም። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ የወለቀ ትከሻ እንደ ወለቀ ይደርቅ ነበር። ወጌሻው ይህን እያሰበ ተማሪውን ቶሎ ለማድረስ ይጣደፍ ነበር።

ዳሩ ግን ትምህርቱ ሳይጋመስ ወንዙ ሞላ። ወጌሻው በሽተኞቹን ወንዙ ጠበብ ወዳለበት፣ ድምፅ ወደሚያሻግርበት ቦታ እያመጣ ያሻቸው ጀመር። እንዲህ ያዝሁ፣ እንዲህ ሳብሁ እያለ ይጮኻል። ተማሪው ጋቢውን ተከናንቦ ከማዶ ገባኝ ይላል። ስድስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ቀን ያየውን እንዲናገር ቢጠይቀው፣ ግራ ትከሻ ነው ብሎ ትናንት የሰማውን አንድ ሳያስቀር አወረደው። የዛሬዋ ባልቴት ግን ደግፋ የያዘችው ቀኝ ትከሻዋን ነበር።

ወጌሻው አልተቆጣም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባው። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ዛሬ እጄ ያንተ ነው» አለው። «ካላዘዝኸው አይንቀሳቀስም።»

ተማሪው ደንግጦ ሳበው አለ። ምኑን፣ ወዴት እንደሚስብ ስላልነገረው እጁ አልተንቀሳቀሰም። ተማሪው መልሶ ሳበው አለ። በመጨረሻ ባልቴቷ መታገሥ አቃታት።

«አንተ ማዶ ያለኸው፣ የወለቀው ትከሻዬ ነው፤ ምላሴ ደህና ነው። እኔን ጠይቀኝ እንጂ።»

ጠየቃት። እንዴት እንደወደቀች፣ ጣቶቿ ይደነዝዟት እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ወጌሻው የራስህን ትከሻ ዳስስ አለው። ተማሪው የራሱን እየዳሰሰ የወጌሻውን እጅ መራ። ሲሳሳት እጁ ይቆማል፤ ለምን እንደቆመ ራሱ እስኪደርስበት ይጠብቀዋል። ብዙ ቆዩ። አጥንቱ ቦታው ሲገባ ባልቴቷ ሁለቱንም መረቀች፤ ቀርፋፎች ናችሁ ማለትም አልቀረባትም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ አደረጉ።

ክረምቱ ሳይወጣ በማዶ አንድ አራሽ ከበሬዎቹ ጋር ሲታገል ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ወጌሻው ከወዲህ ሆኖ ያያል። ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ተማሪው ቀና ብሎ አላየውም። ዓይኑ አራሹ ላይ ነበር፤ እየጠየቀ፣ እየዳሰሰ፣ እንደገና እየጠየቀ። አራሹ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ ክንዱን አነሣ። ወጌሻው አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባውን ጠረገ።

ልጄ፣ ስክሪንሽ ያ ወንዝ ነው። ስትናገሪ ውለሽ ገባን ቢሉሽ አትመኚያቸው። በሽተኛውን እነሱ ይጠይቁት፤ ምን እንደሚደረግ እነሱ ይወስኑ፤ ሲሳሳቱ አትቅደሚያቸው፣ ጠብቂያቸው። ወንዙ ሲጎድል ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሆስፒታሉ አሻግሪያቸው። የበሽተኛ ገላ ሙቀት ውሃ አይሻገርም።